«ጉልበቷ ቢቀየር ቁርጥማቱ ይለቃታል?»

የአንባብያን ጥያቄ። መልስ የሚሰጡት በአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ ሲስተር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከሄርማታ ነው። እማዬ 58 ዓመቷ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሉት የመገጣጠሚያ ቁርጥማት አለብሽ ከተባለች 14 ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ ጣቶቿን ነበር የያዛት፤ ከዚያ የእጇን አንጓ፣ አሁን ደግሞ ሁለቱንም ጉልበቷን። ቀኙ ይብሳል። ወደ ውስጥ ተጣሞ ሌላኛውን ጉልበቷን ሊነካ ደርሷል፤ ዘርጊው ቢሏትም አይዘረጋም። ድሮ ቡና መጋዘን ስትለቅም ውላ የምትገባ ሴት ዛሬ ከመኝታ ቤት እስከ ግቢው በር ስትሄድ ሁለቴ ታርፋለች። ለዚሁ ሕመም ሜቶትሬክሴት ሰኞ ሰኞ ትወስዳለች። ሲብስባት ደግሞ ከፋርማሲ ዴክሳ እየገዛን እንሰጣታለን። ሐኪሙ ራጁን አይቶ «መገጣጠሚያው አልቋል፣ መቀየር አለበት» ብሎ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጽፎልናል። ውጭ ያለው ወንድሜ ወጪውን እኔ እችላለሁ ብሏል። ዘመድ ግን አንዱ «ብረቱ ሰውነቷ ውስጥ ይዝጋል» ይላል፤ አንዱ «ከተሠራች ቁርጥማቱ ጨርሶ ይለቃታል» ይላል፤ አክስቴ ደግሞ «ከወር በፊት መድኃኒቷን ሁሉ ማቆም አለባት» ብላ ወጥራ ይዛናለች። ሁለቱን ጉልበት ባንዴ ማሠራትስ አይሻልም? እማዬ በበኩሏ ጥያቄዋ ሌላ ነው፦ «ቡናዬን ቁጭ ብዬ አፈላለሁ ወይ? እሰግዳለሁ ወይ?» ትላለች።
ልጇ ነኝ፣ ከሄርማታ

መልስ፦ ልጄ፣ በእናትሽ ጥያቄ ልጀምር አስቤ ነበር። የአክስትሽ ነገር ስላስደነገጠኝ ግን እሱን አስቀድማለሁ። ሜቶትሬክሴቱን እንዳታስቆሟቸው። አክስትሽ ከራሳቸው አላመጡትም፤ ድሮ ሐኪሞችም ይሉት የነበረ ነው። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያለዝብ ቁስሉ ይመረቅዛል ተብሎ ይፈራ ነበር። በኋላ ነገሩ ተፈተሸ። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የእንግሊዝ አገር ጥናት፣ የአጥንት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 388 የሩማቶይድ ሕመምተኞች ለአንድ ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። ሜቶትሬክሴታቸውን ሳያቋርጡ ከተሠሩት 88 ሰዎች መካከል ኢንፌክሽን ወይም ሌላ የቀዶ ሕክምና ችግር የገጠማቸው 2 ብቻ ነበሩ። እንዲያቋርጡ ከተደረጉት 72 ሰዎች ግን 11 ሆኑ። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅም ከዳሌና ከጉልበት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣውና በ2022 ባደሰው መመሪያ ሜቶትሬክሴት፣ እንዲሁም ሌሎች የሩማቶይድ መድኃኒቶች የሆኑት ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ሰልፋሳላዚን በቀዶ ሕክምናው ሰሞን ይቀጥሉ ይላል። ኩላሊታቸው ከደከመ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ከያዛቸው ሐኪሙ ሊያስቆም ይችላል። እሱ ሐኪሙ የሚወስነው ነው፤ በዘመድ ጉባኤ የሚወሰን አይደለም።

አንዲት ታካሚ ትዝ ትለኛለች። ሰው መክሯት መድኃኒቷን አቁማ መጣች። ጉልበቷ ባማረ ሁኔታ ተሠራ፤ ሐኪሙም ደስ አለው። ቀናት ሳይቆዩ ግን የሁለቱም እጆቿ አንጓ አብጦ ክራንች መጨበጥ አቃታት። አዲሱ ጉልበት መሄድ እየቻለ እጆቿ አልጋ ላይ አስቀሯት። የጉልበት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት የሩማቶይድ ሰው በቀጣዮቹ ሳምንታት በሽታው ቢነሣበት አዲስ ነገር አይደለም፤ መድኃኒት አቁሞ ደግሞ በገዛ እጅ ማስነሣት ምን ያደርጋል?

አሁን ወደ ዴክሳው። እዚህ ላይ ልቆጣሽ ነው፣ ቅር እንዳይልሽ። ዴክሳ ከፋርማሲ እየገዛችሁ የምትሰጧቸው ነገር ትንሽ ነጭ ክኒን ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ዴክሳ፣ ማለትም ዴክሳሜታዞን፣ ስቴሮይድ ከሚባሉት ብርቱ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ 0.75 ሚሊ ግራሙ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የሌላውን ስቴሮይድ 5 ሚሊ ግራም ያህል ጉልበት አለው። ስለዚህ ሰው በቀን አራት አምስት ሲውጥ ምን ያህል እንደወሰደ አያውቀውም። ሲቆይ አጥንት ያሳሳል፣ ቆዳ ያሳሳል፣ ስኳር ያመጣል፣ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል። ቀዶ ሐኪሞች ሕመምተኛው ለቀዶ ሕክምና ሲቀርብ የቀን መጠኑ ከ20 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን በታች ቢሆን ይመርጣሉ፤ ከዚህም ቢያንስ ይሻላል። እናንተ ግን «ሲስተር መጥፎ ነው ብላለች» ብላችሁ ነገ ጠዋት እንዳታቋርጡባቸው! ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ መሥራት ይተዋል፤ ድንገት ሲቆም ደም ግፊት ወርዶ ሰው ይወድቃል። በሐኪም እጅ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። አዲስ አበባ ስትሄዱ ስንት ጊዜ፣ ስንት ክኒን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሰጣችኋቸው ሳታፍሪ ንገሪ። በተለይ ለሰመመን ሐኪሙ። አልፎ አልፎ ጉልበታቸው ውስጥ መርፌ ተወግተው ከሆነም ተናገሪ፤ ስቴሮይድ የተወጋ ጉልበት ሦስት ወር ሳይሞላው አይቀየርም፣ ኢንፌክሽን ያመጣል።

ውድ የሆኑት፣ በመርፌ የሚሰጡት ባዮሎጂክ የሚባሉት መድኃኒቶች ግን ሌላ ናቸው፤ እነሱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይቆማሉ፣ ቁስሉ ሲደርቅ ይቀጥላሉ። እናትሽ እነሱን ስለማይወስዱ አላራዝመውም።

ቁርጥማቱ ይለቃቸዋል ወይ? አይለቅም። ሩማቶይድ ማለት የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የውስጥ ሽፋን ጠላት ነው ብሎ የሚወጋበት በሽታ ነው። ሽፋኑ ያብጣል፣ ልም አጥንቱን ይበላል፣ ከዚያ አጥንቱን ይነካል። ቀዶ ሕክምናው የተበላውን ጉልበት ይተካል እንጂ መከላከያውን አይመልስም። ጣቶቻቸው፣ አንጓቸው፣ የግራ ጉልበታቸው እንደነበሩ ይኖራሉ። ለዚህ ነው መድኃኒቱም ክትትሉም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚቀጥለው። የተቀየረው ጉልበት ግን ልም አጥንት ስለሌለው የሚበላ ነገር አያገኝም። እዚያ ጉልበት ላይ ያለው ሌሊት የሚያስነሣ ሕመም በአብዛኛው ይጠፋል። ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ትንሽም አይደለም።

ስለ ብረቱ ለጠየቁት ዘመድ እንዲህ በይልኝ። ሐኪሙ ጉልበቱን ከፊት ለፊት ከፍቶ የጭን አጥንቱን ጫፍና የቅልጥሙን አናት ጥቂት ሚሊ ሜትር ይቆርጣል፤ ጥርስ ሐኪም የተበላሸውን ጥርስ ሞርዶ ዘውድ እንደሚያለብሰው ማለት ነው። ከላይ የኮባልትና የክሮም ቅይጥ ይለብሳል፤ ከታች አብዛኛውን ጊዜ ቲታኒየም ይቀመጣል፤ መሃላቸው ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ከአጥንቱ ጋር የሚያያዘው በአጥንት ሲሚንቶ ነው። እነዚህ እንደ ቤት ሚስማር የሚዝጉ አይደሉም። ከጊዜ ብዛት የሚያልቀው ፕላስቲኩ ነው፤ አለዚያም ብረቱ ከአጥንቱ ይላቀቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ በአውስትራሊያና በፊንላንድ መዝገቦች ላይ የተመሠረተ ጥናት እንዳሳየው ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ 100 ጉልበቶች ውስጥ 82 ገደማው 25 ዓመት ይቆያሉ። እናትሽ 58 ናቸው። ሒሳቡን ለዘመድሽ ተዪለት።

እንግዲህ ይሠሩ ወይ ለሚለው የእኔ መልስ አዎ ነው፣ ደግሞም ብዙ አትቆዩ። ብዙ ሰው «እስክትቸገር ትጠብቅ» ይላል። ጉልበት ታጥፎ መዘርጋት ሲያቅተው፣ የጭን ጡንቻ ሲመነምን፣ አጥንቱ ሲጣመም ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል፤ ውጤቱም ይቀንሳል። ወደ ውስጥ መጣመሙ በሩማቶይድ የተለመደ ነው፤ ሐኪሙ ማቃናት ይችላል፤ ግን ሲቆይ ጅማቱ ይላላል። ከመሄዳችሁ በፊት ጀምራችሁ የጭን ጡንቻ አሠሯቸው። አልጋ ላይ ተንጋለው ጉልበታቸውን ወደ ፍራሹ ይጫኑ፣ ትንሽ ቆጥረው ይልቀቁ። ቀላል ይመስላል፤ በኋላ ግን ያ ጡንቻ ነው የሚያቆማቸው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም፣ አንዳንዴ ሪፈር የሚጽፈውም ይረሳዋል። አንገታቸው። ረጅም ዓመት የቆየ ሩማቶይድ የአንገትን የመጀመሪያና ሁለተኛ አጥንት የሚያያይዘውን ጅማት ሊያላላ ይችላል። ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። ሰመመን ሲሰጥና ቱቦ ሲገባ ግን አንገቱ ወደ ኋላ ይቀለበሳል፤ ያኔ ህብለ ሰረሰሩ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ እናትሽ ጎንበስና ቀና ብለው የአንገት ራጅ ይነሡ። አንገታቸውን ሲያጎነብሱ እጃቸው ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ነገር ካለ፣ ወይም እጃቸው እየደነዘዘ ዕቃ የሚጥል ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ። የጉልበት ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ መርፌ ስለሚሠራ «አንገት ምን አገባው» የሚልሽ ይኖራል። መርፌው ካልሠራ ወደ ሙሉ ሰመመን ይዞራል፤ ያኔ ነው የሚያገባው።

ጥርሳቸውን እዚያው ጅማ አሳክሙ። የተበላ ጥርስ፣ የሚደማ ድድ፣ በጣት መሃል የሚሰነጠቅ ቆዳ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ እግር ላይ ያለች ትንሽ ቁስል፣ ሁሉም ባክቴሪያውን በደም ወደ ብረቱ ይልካል። ብረት ላይ የሰፈረ ባክቴሪያ በመድኃኒት ብቻ አይወጣም፤ ዳግም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። የሩማቶይድ ሰው ደግሞ ከሌላው ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው። አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ፣ አልጋ ይዞ፣ በመንጋጋ ጥርስ ምክንያት «ተመለሱ» የተባለ ሰው አይቻለሁ። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፣ ጭቃውም እንደምታውቂው ነው፤ እግራቸውን በየማታው እጠቢ፣ በጣቶቹ መሃል አድርቂ። ደማቸውንም አስመርምሪ፤ በዚህ በሽታ የደም ማነስ የተለመደ ነው፣ ቀድሞ መስተካከል አለበት። ዴክሳ ስለወሰዱ ስኳርም ይታይ።

ሁለቱን ባንዴ ስላልሽው፣ አዲስ አበባ ያለው ሐኪም አይቶ ይወስናል፤ እኔ ግን ለእናትሽ አንዱን አሠርቶ፣ ሦስት ወር ያህል አርፎ ሌላውን ነው የምመርጠው። ባንዴ ሲሆን ደም ብዙ ይፈስሳል፣ ልብና ሳንባም ይጫናል። ሁለቱም እግር ታጥፎ መቆም ጨርሶ ሲያቅት አንዱን ብቻ ቀይሮ በሌላው ማቆም አይቻልምና ሁለቱ አብረው የሚሠሩበት ጊዜ አለ። የእናትሽ ግራ ጉልበት ገና የሚሸከም ይመስለኛል። ዳሌያቸውንም ይዩላቸው። የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ይሰማል፣ ዳሌም ከተጎዳ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው የሚቀድመው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ሥራ የእናንተ የቤተሰቡ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ፍቅር የሚጎዳው። ሁሉም ሰው ሊያደርግላቸው የሚሮጠው ነገር ትራስ ከጉልበታቸው ሥር ማድረግ ነው። አታድርጉ! ደስ ይላቸዋል፣ ሕመሙም ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ግን ታጥፎ ይቀራል። የተጠቀለለ ፎጣ ከተረከዛቸው ሥር አድርጉ፣ ጉልበቱ በራሱ ክብደት ይዘርጋ። ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ ጉልበት ከማይታጠፍ ጉልበት ይልቅ ሰውን ያስነክሳል። ከቀዶ ሕክምናው ማግሥት፣ አንዳንዴም በዚያው ቀን፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ያቆማቸዋል። «ገና ናት፣ ትረፍ» ብላችሁ አትከራከሩ፤ መተኛት የደም መርጋት ያመጣል። ለዚህ ሐኪሙ የሚያዘውን አስፒሪን ወይም መርፌ ሳታጓድሉ ስጡ። በአንጓቸው ምክንያት ተራ ክራንች ስለሚያማቸው ክንድ የሚያርፍበት ክራንች ወይም ዎከር ጠይቂ፤ ዘንጉን በጣታቸው ሳይሆን በክንዳቸው ይደገፉበታል።

ጠያቂ ይበዛል። ጅማ ነው፤ ጎረቤት ዳቦና ፍራፍሬ ይዞ ይመጣል፣ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ ሁለት ሰዓት ያወራል። እኔ ጠያቂን በመጥቀም አምናለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናትሽ ተነሥተው እስከ በሩ ይሸኙት። ከብዙ ልምምድ ይሻላል፣ ቅርም አይልም። አንድ እንግዳ ብቻ አታስገቡ፤ ወጌሻውን። ቅቤ ይዞ «ላሽላት» ይላል። የተቀየረ ጉልበት አይታሽም፣ አይጎተትም፣ ዳማከሴም አይቀባም፤ ቁስሉ ላይ ከሐኪም ፋሻ ውጭ ምንም አይደርስም።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስፌቱ ሳይወጣ አትጓዙ። ስፌት ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ይቆያል፣ በስቴሮይድ ቆዳቸው ለሳሳ ሰዎች ደግሞ ሐኪሙ ትንሽ ሊያቆየው ይችላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ከወዲሁ ይታሰብ። ስትመለሱ ከፊት ወንበር፣ እግራቸው የሚዘረጋበት ይሁን። ወሊሶ ላይ ቁሙ፣ ወልቂጤ ላይ ቁሙ፣ ሰኮሩ ላይ ቁሙ፤ ወርደው ጥቂት ይራመዱ። ሾፌሩ ቢያጉረመርም ያጉረምርም። ከመውጣታችሁ በፊት የተተካው መገጣጠሚያ ዓይነትና ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ተቀበሉና ከልደት ካርድ ጋር አስቀምጡት፤ ከዓመታት በኋላ መጠገን ቢያስፈልግ ሐኪሙ የሚጠይቀው እሱን ነው። ወንድምሽ ዋጋ ሲጠይቅም የቀዶ ሕክምናውን፣ የተተኪውን መገጣጠሚያ፣ የአልጋውንና የፊዚዮቴራፒውን ለየብቻ ይጠይቅ። አንድ ቁጥር ብቻ ሲነገር ብዙውን ጊዜ አንዱ ተረስቷል።

አሁን የእናትሽ ጥያቄ። ቡናቸውን ያፈላሉ፣ ግን በዚያ በርጩማ ላይ አይደለም። የጅማን ባለሦስት እግር በርጩማ እኔም እወደዋለሁ፤ ቤቴ ውስጥ ሦስት አለኝ። ችግሩ ዝቅታው ነው። አዲስ ጉልበት በደንብ ከሠራ 110፣ 120 ዲግሪ ይታጠፋል። ወንበር ላይ ለመቀመጥ፣ ደረጃ ለመውጣት፣ ባጃጅ ለመግባት ይበቃል። ከዝቅተኛ በርጩማ ያለ እጅ እርዳታ መነሣት ግን ከዚያ ይበልጣል፤ የእናትሽ እጅ ደግሞ አይደግፍም። መፍትሔው ከእናንተ ሰፈር አይርቅም። ጅማ አናጢ የሞላባት ከተማ ናት። ሲቀመጡ ዳሌያቸው ከጉልበታቸው ትንሽ ከፍ የሚል፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር አሠሩላቸው፤ ረከቦቱም ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ፣ ምድጃውም አብሮ ከፍ ይበል። ጎረቤት መጀመሪያ ይስቃል፣ በኋላ ሁሉም እንዲያው ያሠራል። አናጢው እግረ መንገዱን ለሽንት ቤቱም መሃሉ ክፍት የሆነ ወንበር ይሥራ። ይኼን ሁሉም ሰው ለመጻፍ ያፍረዋል፤ ብዙ ሰው ቤቱ ሲመለስ የሚቸገረው ግን መጀመሪያ እዚያ ነው።

ስግደቱ ላይ አልዋሽሽም። ጉልበት መሬት ላይ ማሳረፍ አይከለከልም፤ ብዙ ሰው ግን ጠባሳው ስለሚደነዝዝና ስለሚያስፈራው ይተወዋል። ወርዶ ግንባርን መሬት ማስነካት ደግሞ ከአዲሱ ጉልበት መታጠፊያ በላይ ነው። ይኼን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይወቁት፣ ከንስሐ አባታቸውም ጋር ይነጋገሩ። አሁንም ቢሆን እንደልባቸው እየሰገዱ አይመስለኝም። ያ የቀኝ ጉልበት እየከለከላቸው ነው።

ጥያቄ፦ 46 ዓመቴ ነው፣ አጋሮ ቡና ነጋዴ ነኝ፣ ሩማቶይድ አለብኝ። የአጎቴ ልጅ ውጭ አገር የጉልበቱን ግማሽ ብቻ ቀይረውለት በሳምንቱ ያለ ክራንች ይሄዳል። እኔን ግን ሙሉውን ነው የሚሉኝ። ለምን? ደግሞ ጫት እቅማለሁ፣ አጨሳለሁ፤ ቀዶ ሕክምናውን ያስከለክላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአጎትህ ልጅ ምናልባት ያለበት የእርጅና መገጣጠሚያ መበላት ነው። እሱ የጉልበቱን አንድ ጎን ብቻ በልቶ ሌላውን ሊተው ስለሚችል ግማሹ ይተካል። ሩማቶይድ ግን የሚጀምረው ከውስጥ ሽፋኑ ነው፤ ሽፋኑም ሙሉ ጉልበቱን የዞረ ነው። ግማሹን ቀይረው ግማሹን ቢተዉልህ በሽታው ያንን ቀሪውን መብላቱን ይቀጥላልና ዳግም ትከፈታለህ። ሐኪሞችህ ትክክል ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የሎሚውን አጥንት ጀርባ ጭምር ይሸፍኑልሃል።

ሲጋራውን አቁም። ቁስል እንዳይድን ያደርጋል፣ ኢንፌክሽን ይጨምራል፣ በሩማቶይድ ላይ ደግሞ በሽታውን ራሱን ያባብሳል። ከቀዶ ሕክምናው ሳምንታት አስቀድመህ አቁመው። ጫቱን በተመለከተ ለሰመመን ሐኪሙ እውነቱን ተናገር፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ ምግብም ያስረሳል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደግሞ የምትፈልገው ሥጋና እንቁላል ነው፣ ጥራጥሬም ይሁን። እና «አልቅምም» ብለህ ዋሽተህ ገብተህ ዋርድ ውስጥ በሦስተኛው ቀን ራስህን አታስቸግር።

ጥያቄ፦ ከጂሬን ነው የምጽፈው፣ አባት ነኝ፣ 67 ዓመቴ ነው። ግራ ጉልበቴ ከተቀየረ አንድ ዓመት አልፎታል፣ በሩማቶይድ ምክንያት ነው። አንዳንዴ ስራመድ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ከጠባሳው ጎን ያለው ቆዳም ደንዝዟል። ከሳምንት ወዲህ ደግሞ ጉልበቴ ሞቅ ብሎ አብጧል፣ ትንሽ ያተኩሰኛል። ጎረቤት ያለ ፋርማሲ አሞክሳሲሊን ሰጥቶኛል፣ ልጀምር ወይ? ሌላው በሚቀጥለው ዓመት ዑምራ ለመሄድ አስቤያለሁ፤ አየር ማረፊያ ላይ ያስቸግረኛል ወይ? ሶላቴን ወንበር ላይ ነው የምሰግደው።

መልስ፦ አባቴ፣ አሞክሳሲሊኑን አይጀምሩ፤ ይህንን ያነበቡ ዕለት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ቀጭ ማለቱ ብረትና ፕላስቲክ ሲነካካ የሚሰማ ነው፣ አያሳስብም። መደንዘዙም የተቆረጠ የቆዳ ነርቭ ስለሆነ ከብዙ ሰው ጋር ይቀራል። ሳምንት ያስቆጠረው እብጠትና ትኩሳት ግን ኢንፌክሽን አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። ከሩማቶይዱ መነሣት ጋር ይመሳሰላል፤ ለዚህ ነው በዓይን ብቻ የማይታመነው። ሐኪሙ ከጉልበትዎ ውስጥ ፈሳሽ በመርፌ ቀድቶ ላቦራቶሪ ይልካል፣ ደምዎንም ያያል። አንቲባዮቲክ አስቀድመው ከዋጡ ባክቴሪያው ይደበቃል፤ ላቦራቶሪው አያገኘውም፣ ሐኪሙም የትኛውን መድኃኒት እንደሚሰጥዎ አያውቅም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአጥንት ሕክምና ክፍል ስላለው መጀመሪያ እዚያ ይሂዱ። ጉልበትዎን የሠሩትንም ሐኪሞች በስልክ ያሳውቁ። ሲሄዱ የተተካውን መገጣጠሚያ ወረቀት፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነካርቶናቸው ይዘው ይሂዱ። ማንም ጉልበትዎን ኮርቲዞን በሚባለው ስቴሮይድ እንዳይወጋው። በቶሎ ከተደረሰበት ብረቱን ሳያወጡ አጥቦና ፕላስቲኩን ለውጦ ማዳን የሚቻልበት ዕድል አለ፤ ሲቆይ ያ ዕድል ይጠብባል።

ዑምራውን ይህ ነገር ካለፈ በኋላ ያስቡበት። ሶላቱን ወንበር ላይ መስገድዎ ለጉልበትዎ ጥሩ ነው፣ ይቀጥሉበት። አየር ማረፊያ ላይ የብረት መመርመሪያው ይጮሃል፤ አባ ጅፋርም ቦሌም ጅዳም ያው ነው። የሐኪም ወረቀት ቢይዙም ከፍተሻ አያስቀርም፤ ለጠባቂው «ጉልበቴ ውስጥ ብረት አለ» ይበሉት፣ በእጅ መሣሪያ ያይዎታል። ፍተሻው ጋ የሚሰለፉትን ሰዓት ጨምረው ቀደም ብለው ይውጡ። አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ የመተላለፊያውን ጎን መቀመጫ ይጠይቁ፤ ከጅዳ መልስ እግርዎን ሳያንቀሳቅሱ አይቀመጡ።